ካቮው አሥራ ሰባት ጊዜ ተመታ

ስለ አሮጌ የጦር አውሮፕላን ብቻ የሚከራከሩ ሰዎች ያሉበት አንድ የቴሌግራም ቡድን አለ፤ እኔም አለሁበት። አንዱ ይነሣና «ቀለሙ የታደሰ አውሮፕላን ውሸታም ነው፤ ዝገቱ ታሪኩ ነው» ይላል። ሌላው «ዝገት ታሪክ ከሆነማ የእኛ ቤት በርሜልም ቅርስ ይሁን» ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው ካልበረረ ሬሳ ነው ባይ ነው። አራተኛው ደግሞ ሞተሩ ከነብሎኑ የጥንቱ ካልሆነ፣ የሚጠገንበት ድረስ ሄጄ ጫማዬን አቧራ አላስነካም ብሎ ይገዘታል። እኔ ዝም ብዬ አነብባለሁ። ይህን ክርክር በዘጠኝ ዓመቴ፣ መካነ ሰላም ላይ፣ ከእነዚህ ከሚበልጡ ሊቃውንት አፍ ሰምቼ ጨርሼዋለሁ፤ ከአንድ የበቅሎ ደላላ፣ ከአንድ ሚሊሻና ከአንዲት ገመድ ሻጭ። ገመድ ሻጯ እናቴ ናት።

ዘመኑ 1994 ነው። ከከተማችን ዳር፣ የእርዳታ እህል መምጣት ሲቀር ባዶውን የቆመ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። ጋሽ አስናቀው ያንን መጋዘን ከአይጦቹ ተረከቡና በሩ ላይ በከሰል «ሃንጋር» ብለው ጻፉበት። ጋሽ አስናቀው የአገራችን ልጅ ናቸው። በጎረምሳነታቸው ወጥተው፣ የጦር አውሮፕላን መካኒክ ሆነው፣ ጡረታ ሲወጡ አንድ ሳጥን መፍቻና አንድ ጥያቄ ይዘው ተመለሱ።

ጥያቄውን ከአሁኑ ልንገራችሁ። የከተማው ታላላቆች ያውቁታል፤ እኔ ያኔ አላወቅሁትም፤ እናንተ ግን ከእኔ ጋር የምትጃጃሉበት ምክንያት የለም። በ1969 አንዲት ባለ አንድ ማራገቢያ፣ ያኔም ያረጀች የጦር አውሮፕላን ወደ ሰሜን ስትሄድ ከከተማችን የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ቆቅ ውሃ ገደል ውስጥ ወደቀች። አብራሪው ሞተ። መርማሪዎች መጥተው «በግዴለሽነት ዝቅ ብሎ ሲበር ነው» ብለው ጽፈው ሄዱ። በዚያን ቀን ጧት በአውሮፕላኗ መዝገብ ላይ፣ «ተፈትሿል» ከሚለው ቃል ሥር የፈረሙት ጋሽ አስናቀው ነበሩ። የአውሮፕላኗ ጅራት የሚታዘዘው በካቮ ነው፤ እንደ ብስክሌት ፍሬን ሽቦ ያለ፣ ግን የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው የብረት ገመድ። ካቮውን አይተው ይፈርሙ ሳያዩ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ቢያስቡ ቢያስቡ ትዝ ሊላቸው አልቻለም። ጥይት በጥሶት ከሆነ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ በዚያ ዘመን በየጢሻው ሸፍቶ ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሞልቶ ነበር። በርጅና ተልጦ አልቆ ከሆነ ግን ሰውየውን የገደሉት እሳቸው ናቸው። የመጡት ያንን ካቮ ፍለጋ ነው።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር፦ ጋሽ አስናቀው አውሮፕላን ሠርተው ሊበሩ ነው። የጎደላቸው አንድ ገመድ ብቻ ነው። ገመዱ ሲገኝ እኔንም ይዘውኝ ይሄዳሉ።

ችግሩ አውሮፕላኗ ገደሉ ውስጥ አለመኖሯ ነው። አገር እንደ ቅርጫ በሬ ተካፍሏታል። ስለዚህ ጋሽ አስናቀው ሽማግሌዎቹን ለምነው አውጫጭኝ አስጠሩ። አውጫጭኝ በሬ ሲሰረቅ ወይ ክምር ሲቃጠል የሚጠራ ሸንጎ ነው፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ያየውን ሳይናገርም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ለጠፋ አውሮፕላን ሲጠራ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እኔ የእናቴ የቃጫ ገመድ ጥቅል ላይ ተቀምጬ አየሁት።

ፀሐይዋ ስትበረታ አንድ ገበሬ ብድግ አለ።

«በሩ እኔ ዘንድ ነው። የዶሮ ቤት ዘግቼበታለሁ። ሸለምጥማጥ ሞክሮ ሞክሮ ተስፋ ቆርጧል።»

«እኔ ድስት ነው ብዬ ነው የገዛሁት» አለች አንዲት ሴትዮ፤ «ወላሂ፣ ክንፍ መሆኑን አላወቅሁም። ሽሮ ደግሞ አያሳርርም።»

ከከላላ በበቅሎ የመጣ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ የነዳጅ ጋኗን ለልጁ ሠርግ ጠላ ጠምቀውበት እንደነበር ተናዘዘ።

«ጠላው እንዴት ወጣ?» አለው አጠገቡ ያለው።

«ጠላውስ ጥሩ ነበር። ሙሽራው ግን እስካሁን እሳት አጠገብ አያገሳም።»

በመጨረሻ የበቅሎ ደላላው አያ ሙሐመድኑር ጥምጥሙን አስተካክሎ ተነሣ። አያ ሙሐመድኑር በቅሎ አይቶ የሻጩን ባሕርይ የሚናገር ሰው ነው። «ግራ ክንፏ የበቅሎ ቤቴ ጣራ ነው» አለ። «አላህ ያውቃል፣ ሃያ ዓመት ጠብታ አላስገባም። እሰጣለሁ። ግን ክረምት ሲገባ በቅሎዎቼ ክንፋቸውን ተከትለው ይመጣሉ።»

እንደተባለውም ሆነ። አውሮፕላኗ በክረምት መግቢያ ላይ ከነክንፏ ስትቆም ሁለት በቅሎዎች ከሥሯ ቆመው ገለባ ያመነዥኩ ነበር። በሩ መጣ፣ ጋኑ መጣ፣ ድስቱም ሽሮው ታጥቦ መጣ። ካቮውን ግን አየሁ የሚል ጠፋ።

ከዚያ በኋላ መካነ ሰላም ለገበያ የመጣ ሰው ሃንጋሩን ሳያይ አይመለስም ጀመር። የመጣው ሁሉ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ነው የሚፈትሻት። ቆዳዋን ቆንጥጦ ይለቃል፤ ጎማዋን በእግሩ ይነካል፤ ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። አያ ሙሐመድኑር የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ከኋላዋ አልሄደም። ከማያውቃት በቅሎ ኋላ የሚሄድ ደላላ የለም።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለ።

«በአርባዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ናት» አሉ ጋሽ አስናቀው።

«እሱን መቼ ጠየቅሁህ? ጥርሷን አሳየኝ።»

ጋሽ አስናቀው ማራገቢያዋን አሳዩት። በመዳፉ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። «ሦስት ጥርስ፣ አንዱ የተሸረፈ። አንተ አስናቀው፣ ሲሰጡህ ዕድሜዋን ደብቀውሃል።» ቀጥሎ ዓይኗን አየ፤ መስታወቷን መሆኑ ነው። «ይህች የደከማት አይደለችም» አለ። «የደከማት በቅሎ በጉልበቷ ነው የምትወድቀው። ይህች በግንባሯ ነው የሄደችው። ልጓሙ በጋላቢዋ እጅ ላይ ቀርቷል።»

ጋሽ አስናቀው መፍቻው ከእጃቸው ወደቀ። እኔ አንሥቼ ሰጠኋቸው። እጃቸው ዘይት ስለሆነ ነው የወደቀባቸው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ በዓለም ላይ አንድም የአደጋ መርማሪ ያልነገራቸውን ነገር አንድ የበቅሎ ደላላ መነገዱን ሳያቋርጥ ነግሯቸው መሄዱ ነበር።

ክርክሩ የተነሣው ሆዷ ላይ ባሉት ሦስት ቀዳዳዎች ነው። ጥይት ይሁን ድንጋይ ማንም አልተስማማም። ሚሊሻው ጋሹ፣ ክላሹን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ «እንዳይደፈን!» አለ። «ቁስሏ ምስክሯ ነው። ከደፈናችሁት ማን ያምናታል?»

«ቁስሉ ያልሻረ ከብት ገበያ አይወጣም» አለ አያ ሙሐመድኑር። «ይደፈን፣ ይቀባ፣ ግንባሯም ላይ ሂና ይደረግላት።»

«የጦር አውሮፕላን ሂና?»

«ሙሽራ መስላ ብትሄድ ማን ይተኩስባታል?»

ጋሽ አስናቀው ታገሡ ታገሡና «እንደነበረች ነው የምትሆነው» ብለው ጮኹ። «ቀለሟም ብሎኗም እንደነበረ!»

እናቴ እታገኘሁ የቃጫ ጥቅል ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እንደነበረች የቷ፣ ጋሽ አስናቀው?» አለች። «ስትነሣ እንደነበረች ነው ወይስ ስትወድቅ?»

ጋሽ አስናቀው የመፍቻ ሳጥናቸው ላይ ቁጭ አሉ። የቴሌግራሙ ቡድን አባላትም ይህን ጥያቄ ጽፌላቸው ለሁለት ቀን ዝም ብለዋል፤ ከዚያ አንዱ ስለ ጎማ ማውራት ጀመረ።

ግንቦት ላይ ደብዳቤ መጣ። ጋሽ አስናቀው ለማንም ሳይነግሩ ደብረ ዘይት ለሚኖረው የአብራሪው ቤተሰብ ጽፈው ኖሯል። የአብራሪው ልጅ ራሄል፣ አባቷ ሲሞት ያልተወለደችው፣ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ አውሮፕላኗን ለማየት በሰኔ መጀመሪያ ትመጣለች። እኔ በደስታ ሰከርሁ። የአንጥረኛ ልጅ አንጥረኛ፣ የሸማኔ ልጅ ሸማኔ ነው፤ የአብራሪ ልጅም አብራሪ ናት። ልታበራት ነው የምትመጣው።

የከተማው ታላላቆች ግን እናቴ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ። እኔ ከገመዶቹ ጀርባ ተኝቼ ነበር።

«ደም ልትመልስ ነው የምትመጣው» አለ ጋሹ።

«ሴት ልጅ?» አለች እናቴ።

«ሽጉጥ ወንድና ሴት ይለያል እንዴ?»

አያ ሙሐመድኑር ነገሩን እንደ ገበያ ሒሳብ በጣቱ ዘረዘረው። «ስሙኝ። ካቮው ያለቀ ከሆነ አስናቀው ገዳይ ነው። አስናቀው ገዳይ ከሆነ እኛ ወገኖቹ ሁላችን ባለደም ነን። ሽማግሌ ልከን ደም እስክናደርቅ ድረስ ከነዚያ ሰዎች ጋር በአንድ መንገድ መሄድ፣ ከአንድ ምንጭ መጠጣት የለም። ደብረ ዘይት ደግሞ እኔ ማንን አውቃለሁ?»

«ካቮው የተመታ ከሆነስ?»

«ከተመታማ ባለደሙ የተኮሰው ነው። ተኮስሁ የሚል ደግሞ እስካሁን አላየንም፤ አልሐምዱሊላህ።»

«ግን ካቮው የለም» አለች እናቴ።

«የለም» አለ አያ ሙሐመድኑር።

«የለም» አለ ጋሹ፤ ክላሹንም አየት አደረገ።

«አብሽሩ» አለ አያ ሙሐመድኑር በመጨረሻ፤ ሁሉም ተነሥቶ ሄደ። እኔ የደሙ ነገር አልገባኝም፤ ምንም ያልተወሰነበት ስብሰባ ነበር ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ከኮረብታው ጀርባ ተኩስ ጀመረ። ሦስት ቀን ሙሉ። ምንድን ነው ብዬ እናቴን ስጠይቃት «ጋሹ ጅብ እየገደለ ነው» አለችኝ። አንዱ ጥይት አንድ ጅብ ብዬ ቆጠርሁ፤ ስልሳ አራት ደረሰ። በዚያ ሰሞን ደጅ የመውጣት ፍርሃቴ ጨርሶ ለቀቀኝ፤ ለጅቦቹ እናቶች ግን አዘንሁ።

እውነቱን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ሆኜ ለእረፍት በመጣሁ ጊዜ ነው። ሐሳቡ ለየአንዳንዱ ሰው ለብቻው ነው የመጣለት። አንዱ ከአሮጌ መኪና፣ አንዱ ከጉድጓድ ውሃ መሳቢያ፣ አንዱ ከልጁ ብስክሌት ካቮ እየነቀለ፣ ማንም እንዳይሰማ ብሎ፣ በየተራ ጋሹ ዘንድ ሄደ። ጋሹ ካቮውን በሁለት ግራር መካከል ይወጥርና ይተኩሳል። በአነጣጣሪነቱ የተመሰገነ ሚሊሻ ነበር፤ የተመሰገነው ግን ሲተኩስ ያየው ስላልነበረ ነው። የትንሽ ጣት ውፍረት ያለውን ነገር በጥይት መምታት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያ ሰሞን ለጋሹ አስተማረው።

እናም በአንድ ጧት ሃንጋሩ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አሥራ ሰባት ካቮ ተደረደረ። ያመጣው ሁሉ ከሌላው ጋር እየተያየ ያፍራል፤ ግን ያመጣውን አይወስድም።

«አውጫጭኙ ሠራ!» አለ አያ ሙሐመድኑር። «ሁሉም ተመትቷል፤ እየው።»

ጋሽ አስናቀው አንድ በአንድ አነሡዋቸው። አንደኛው ላይ የብስክሌት ፍሬን እጀታ እንዳለ ነበር።

«የጅራቷ ካቮ ሁለት ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያስ ክፉኛ ተመትታለች» አለ ጋሹ።

ጋሽ አስናቀው የዘይት ጨርቃቸውን አንሥተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ዓይናቸው ዘይት ገባበት ብዬ ውሃ ይዤ ሮጥሁ። አንድ ከተማ ሙሉ ተነሥቶ ለአንድ ሰው ሲዋሽለት ሰውየው ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ልጅ የለም። አዋቂም ብዙ አላየሁም።

ራሄል ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀር አሥራ ስምንተኛውን ካቮ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እቤታችን፣ ከቃጫው ክምር ሥር፣ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልሎ። ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበታትኖ፣ ባንድ ጎኑ ሳስቶ ሳስቶ አልቋል። እንዲህ ያለ ነገር ነጠላ የሚያስለብሰው ለምንድን ነው? ብዙም አላሰብሁ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ጋሽ አስናቀው ምሳቸውን በየቀኑ እኛ ቤት ነው የሚበሉት። እናቴ ደግሞ እሳቸው ሲመጡ ወጡን ደጋግማ ትቀምሳለች። ልታገባቸው ነው የምትፈልገው። ገመዱ ከተገኘ ከራሄል ጋር በረው ይሄዱባታል፤ ስለዚህ ደበቀችው። እኔም ራሄል እስክትመጣ ድረስ ለማንም አልተናገርሁም።

ካቮውን ያመጣው የቆቅ ውሃ ገበሬ መሆኑን፣ ሃያ አምስት ዓመት ወይፈን አስሮበት እንደነበረ፣ እናቴም ጫፉን እንዳየች ሁለት አዲስ ገመድ ሰጥታ እንደለወጠችው ኋላ ነው የሰማሁት። እናቴ የገመድ ጫፍ አይታ ገመዱን ምን እንደበላው ታውቃለች፤ ቢላዋ ይሁን፣ በሬ ይሁን፣ ጊዜ ይሁን። አይታ ስላወቀች ነው የደበቀችው። ስለ ጋብቻው ግን አልተሳሳትሁም።

ራሄል ከደሴ በሚመጣው አውቶቡስ መጣች። ቀጭን ነበረች፤ አንድ የትከሻ ቦርሳ ይዛለች። ከተማው በሙሉ ሃንጋሩ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃታል። በሩ ላይ ጋሹ እጁን ዘረጋ።

«እኅቴ፣ ቦርሳሽ ይፈተሽ። ለሁሉም ነው።»

ለማንም ተደርጎ አያውቅም። ጋሹ ከቦርሳዋ ማበጠሪያ፣ ግማሽ ዳቦና የከንፈር ቀለም አወጣ። የከንፈር ቀለሙን ከጥይት ጋር አስተያይቶ፣ ከፍቶ፣ ቀዩን ሲያይ ደንግጦ ከደነው። «እለፊ» አለ።

አያ ሙሐመድኑር አስጎብኚ ሆነ። ጥርሷን አሳያት፣ ቆዳዋን አስቆነጠጣት፣ ከኋላ እንዳትሄድ መከራት። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ወሰዳት። «እንግዲህ ልጄ፣ አባትሽን የገደለው ይኸው ነው። ጥይት። አሥራ ሰባት ጊዜ።»

ራሄል አሥራ ሰባቱን ካቮ አየች። የብስክሌቱን እጀታ ጨመቅ አድርጋ ለቀቀችው። «አባቴ ዝቅ ብሎ አልበረረም ማለት ነው?» አለች።

«ዝቅማ ቢልም ባይልም...» አለ አያ ሙሐመድኑር፤ ይህን አልተዘጋጀበትም።

ይህኔ ነው ከሕዝቡ እግር መካከል ሾልኬ የወጣሁት። ካቮው አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል። «ጋሼ! እውነተኛው ተገኘ! አሁን መብረር ትችላለች!»

እናቴ «ትህትና!» ብላ ስትጮኽ ሰማሁ። ያንን ያህል የስሜ ተቃራኒ ሆኜ አላውቅም።

ጋሽ አስናቀው ካቮውን ከአንገቴ ፈቱት። ጫፉን ወደ ብርሃን ያዙት። እያገላበጡ ብዙ አዩት። ከዚያ እናቴን ጠሩዋት።

«እታገኘሁ፣ ገመድ የምታውቂ አንቺ ነሽ። ይኼን ምን በላው?»

«እኔ የቃጫ ነው የማውቀው» አለች እናቴ።

«ገመድ ገመድ ነው። ልጅቷ ፊት ተናገሪ።»

ጋሹ ከኋላ «ጥይት በያት» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሃንጋሩ በሙሉ ሰማው። እናቴ ካቮውን አልነካችውም፤ አንድ ጊዜ አይታዋለችና። ጋሽ አስናቀውን ነበር የምታየው።

«የተመታ ገመድ ክሩ ሁሉ ባንድ ላይ ነው የሚቆረጠው» አለች። «ይኼ አንድ አንድ እያለ ነው ያለቀው። ብዙ ቀን ወስዶበታል። ያየው ሰው ቢኖር ያውቅ ነበር።»

ጋሽ አስናቀው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ሰው ሳይሆን ሸክሙን እንዳራገፈ አህያ። ወደ ራሄል ዞሩ። «ልጄ፣ አባትሽ አላጠፋም። ዝቅ ብሎ የበረረው አውሮፕላኗ አልታዘዘው ብላ ነው። አይቻለሁ ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ። አላየሁም።»

ይህን ብለው ጎንበስ አሉ። ጥፋተኛ በአገራችን ይቅርታ የሚለምነው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ የተበደለው ሰው ይቅር ካለ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ሃንጋሩ ውስጥ የነበረው ድንጋይ ግን አንድ ብቻ ነው። የአውሮፕላኗን ጎማ የያዘው።

ጋሽ አስናቀው ድንጋዩን አንሥተው ተሸከሙት።

ወለሉ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። አውሮፕላኗ መጀመሪያ ሲጥ አለች። ከዚያ ተንቀሳቀሰች። በቅሎዎቹ ክንፋቸው ሲሄድባቸው እያናፉ ተከተሉት። «ያዟት! ደንብራለች!» ብሎ አያ ሙሐመድኑር ጮኸ፤ ሕዝቡ «ሆ! ሆ!» እያለ እንደ ደነበረች በቅሎ ግራና ቀኝ ከበባት፤ ጋሹ ጅራቷ ላይ ተንጠለጠለ። አርባ ሁለት እርምጃ ሄደች። ጉድባው ጋ ስትደርስ ነጠረች፤ ሁለቱም ጎማዎቿ መሬት ለቀቁ። እኔ «ተነሣች! ተነሣች!» እያልሁ አለቀስሁ። ከዚያ የመጋዘኑን ሽንት ቤት በአፍንጫዋ በስታ ቆመች። ደግነቱ ሰው አልነበረበትም።

ዞር ስንል ጋሽ አስናቀው ከነድንጋዩ እንደቆሙ ነበሩ። አላዩም። ራሄልም ፊታቸው ቆማለች፤ እሷም አላየችም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ጀመር። ሁሉም ወደ ሃንጋሩ ተመልሶ ጥግ ጥጉን ይዞ ይጠብቃል። ተበዳይን «አንሺለት» ማለት ነውር ነው፤ ይቅርታ በቀስቃሽ ከመጣ አይያዝም። ግን ልጅቷ የከተማ ልጅ ናት፤ ወጉን ታውቀው ይሆን? አያ ሙሐመድኑር ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድንጋዩን አየ፤ ሰማዩን አየ። ጋሹ ከመሬት አንድ ጠጠር አነሣ፤ ጣለው፤ ደግሞ አነሣው፤ ራሄል እንድታየው ጠበቀ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። ጋሽ አስናቀው ድንጋዩ እየከበዳቸው ይበልጥ ጎበጡ። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ስለምን ድንጋይ እንደሚያይ አልገባኝም፤ አውሮፕላን በርሮ እያለ!

በመጨረሻ ራሄል ሁለት እርምጃ ሄደች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘች። ከብዷት ከነድንጋዩ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እልልታው ሳይጀመር ጋሹ «አይያዝም!» አለ። «ወጉን አላወቀችም፤ ሽማግሌው ከብዷቸው አይታ ነው ያገዘቻቸው!»

«ድንጋዩ ወርዷል ወይስ አልወረደም?» አለ አያ ሙሐመድኑር።

«ወርዷል፤ ግን...»

«ከወረደ ወርዷል። እጃችሁን ዘርጉ፤ ዱዓ ይደረግ!» እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘረጋ፤ አሜን ተባለ፤ እልልታው ቆርቆሮውን ከዝናቡ ይልቅ አናወጠው።

ጋሽ አስናቀው በማግሥቱ የሆነውን ሁሉ ጽፈው ለራሄል ሰጡአት፤ ሦስት ጊዜ አንብበው ነው የፈረሙት። እናቴን በጥር አገቧት። አውሮፕላኗን ማንም ከሽንት ቤቱ ሊያወጣት አልደፈረም፤ አሁንም እዚያው ናት።

ባለፈው ዓመት የቴሌግራሙ ቡድን አንድ የአሮጌ አውሮፕላን መጠገኛ ለማየት ቢሾፍቱ ሲሄድ አብሬ ሄድሁ። ሌሎቹ በቀለም ሲጣሉ ትቻቸው ራሄልን ፈለግሁና አገኘኋት። ጸጉሯ ሽበት ጀምሮታል። ከሃያ ዓመት በላይ ከተማችንን ሲያከራክር የኖረውን ጥያቄ ጠየቅኋት፤ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር ወይስ ከብዷቸው አይተሽ ነው?

«እናቴ አውቶቡስ ስትሸኘኝ ነግራኛለች» አለች። «‹የወሎ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ድንጋይ ይሸከምልሻል። እንዳትነኪለት። እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ከተሽ እይውና ተመለሽ› ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

ራሄል ትንሽ አሰበች።

«ቀሚሴ ኪስ አልነበረውም» አለች።